ባለበት

ሌሊት ሰባት ሰዓት። ቤርሳቤህ ተኝታለች፤
ነፋሷ ብቻ ነቅታ ባንዲራ ታንገላታለች።
ልጄን አስተኝቼ፣ በስንት ልመና፣
ሠፈሩን አምስት ዙር አዙሬ በመኪና፣
ቁልፌን፣ ቀበቶዬን፣ ሰዓቴን አውልቄ፣
እንደ ሞላ ብርጭቆ ታቅፌ፣ ተጠንቅቄ፣
ከአንድ ነጭ ዋሻ አፍ አጋደምኩት።
ኢታማር። ሦስት ዓመት ከአራት ወር።
እስካሁን «አባ» አላለኝም።

ዶክተር ሲጋሊት በሹክሹክታ አስረዳችኝ፤
የሕፃን አንጎል ተኝቶም ይሰማል አለችኝ።
አንድ ቃል ሲገባ በጆሮው በራፍ
መብራት የሚበራበት ጓዳ አለ በግራው ጫፍ፤
አንዳንዱ ልጅ ዘንድ በቀኝ ነው የሚበራ፣
አንዳንዱ ዘንድ ዘግይቶ፣ እየተባ እየፈራ።
«ለምን እንደሆነ ገና አናውቅም» አለች።
ደስ አለኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ
አላውቅም ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ሌላው ሁሉ ያውቃል።
አያቱ አባ አለነ ያውቃሉ፦ «ጭምት ነው፤
ለፍላፊ ነው የሚያሳፍር፣ ይሄ ጨዋ ነው።»
የመዋለ ሕፃናቱ አስተማሪ ታውቃለች፦
«ሁለት ቋንቋ አደናገረው፤ አማርኛውን ተዉት።»
ስድስት ወር ተውነው።
ስድስት ወር በገዛ ቤታችን እንደ እንግዳ ተነጋገርን፣
ዝናሽ ስትቆጣ ቃል እየጠፋት፣
እኔ ተርጉሜ እየሳቅሁ።
ልጁ ዝም እንዳለ። ዝምታው
በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነበር።

እጄን ይወስዳል፤ እኔን ሳይሆን እጄን፣
እንደ ቁልፍ ይዞ ማቀዝቀዣውን ይከፍትበታል።

አውቶቡስ ነጂ ነኝ። ዓርብ ረፋዱ ላይ
ከኋላዬ አስቀምጬው አብረን እንዞራለን።
አንድ ማታ ሲታጠብ፣ ውሃው ከአናቱ ሲወርድ፣
ጥርት ባለ የሴት ድምፅ
«ሃታሃና ሃባአ» አለ።
ቀጣዩ ማቆሚያ። የአውቶቡሴ ማስታወቂያ፣
ከነትንፋሿ፣ ከነማሳረፊያዋ።
ዝናሽ ፎጣውን ጣለች።
ከዚያ ወዲያ ሲርበው፣ ቀጣዩ ማቆሚያ፤
መብራት ሲጠፋ፣ ቀጣዩ ማቆሚያ፤
ባለሙያዋ ጻፈች፦ «ማስተጋባት ነው፤ ንግግር አይባልም።»
አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ እኔ፤
ያንን ቃል ሰምቶ ቦርሳውን የማይነካ፣
ቀና የማይል ተሳፋሪ አላየሁም።

በዚህ ምድር ነበር፣ ቄስ ምናሴ ሲነግሩን፣
ውሃዋ ያለቀባት ያቺ ገረድ
ልጇን ከቁጥቋጦ ሥር ጥላ ርቃ የተቀመጠችው።
እሷ አለቀሰች። ልጁስ ምን አለ?
አንዲት ቃል አልቀረችለትም።
የተሰማው ግን የሱ ድምፅ ነው፤ እዚያው፣ ባለበት።
ልጅ ሆኜ መቶ ጊዜ ሰምቼው
አልገባኝም ነበር።

ሲጋሊት «ተረት ቅዳልኝ» ብላኝ ነበር፣ «በቤታችሁ ቋንቋ»።
ተረት ፈለግሁ። ሁሉም ጅብ፣ ሁሉም ቀበሮ፤
ኢታማር ጅብ የት ያውቃል?
መስመሬን ነገርኩት፦
«ከመናኸሪያ እንነሳለን፣ ገበያው ጋ እንቆማለን፤
ኪያር የያዙ ሽማግሌ ይገባሉ፤
ወታደሯ መስኮቱን ተደግፋ ታንቀላፋለች፤
ድልድዩን እንሻገራለን፤ ሥሩ ወንዝ የለም፣ አሸዋ ነው…»

አሁን ያ ድምፄ በጆሮው ይፈስለታል።
ማሽኑ ይደልቃል፤ እሱ ይተኛል።
ከመስታወቱ ወዲህ አንጎሉን አየሁት፣
ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ይመስላል።
መብራቱስ? አልኩ። «ዛሬ አይታይም፤
ተሰልቶ ነው፣ ከወራት በኋላ፣
ያውም ከብዙ ልጆች ጋር ተደምሮ።»
የሱን ብቻ አይነግሩኝም።
እሺ አልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ ይዤው ስወጣ ነቃ።
አየኝ አልልም፤ ግድግዳውን አየ።
እጄን ወሰደ፣ ከአሳንሰሩ ፊት አቆመኝና
ከጣቶቼ አንዷን መርጦ፣ ቁልፉን ተጭኖባት፣
በአማርኛ፣ በኔው ድምፅ፣ በኔው ጉሮሮ፣
«ወንዝ የለም» አለ፣ «አሸዋ ነው።»

ስቀዳው ሰምቶኝ ይሆናል። ተኝቶም ይሆናል።
አላውቅም።
አዎ አልኩት፤ አሸዋ ነው።
በሩ ተከፈተ፤ ገባን።