ግራ የገባው

ስምንት ሺህ ብር አለኝ፣ ከክር ሳጥኔ ውስጥ፣
ከቁልፎቹ በታች፣ እንዳይገላለጥ፤
ያሥራ አንድ ወር ጥርቅም፦ የሱሪ እጥፋት፣
የተማሪ ዚፕ፣ የሙሽራ ጥበት።
ለሰው ስሰፋለት፣ ስተኩስ ውዬ፣
ማታ ጆሮዬንም አዲስ ላልብስ ብዬ።

ግን ከየቱ ልጀምር?

ማዳመጫው አርጅቷል፤ ትራሱ ተገፎ
ጥቁር ቅርፊት ሆኗል፣ ካንገቴ ላይ ረግፎ፤
ከገበር ቁራጭ፣ ከሰማያዊ ሳቲን
እኔው ሰፋሁለት የጆሮውን ሽፋን።
ገመዱም ቆስሏል፤ ሰም በነካው ክር
ጠምጥሜዋለሁ፤ ታጥፎ ካልተያዘ አይናገር።
ስልኬ ደግሞ ስልክ ነው፤ መስታወቱ ነቅቶ፣
ድምፅ ከፍ ሳደርግ «ጆሮህን!» ይለኛል ተቆጥቶ።

ፒያሳ ወረድኩ፣ እንድሪስ ዘንድ።
እንድሪስ አይሸጥም፤ ይመክራል።
«ሰው ሲሳሳት» አለኝ «ከራሱ በላይ ይጀምራል።
ምንጩ ከደፈረሰ ጣሳ ማሳመር ምን ይረባል?
መጀመሪያ ዳክ ግዛ።»
«ዳክዬ?»
«ዳክ! የስልኩን ቁጥር ወደ ድምፅ የምትፈታ፣
ጣት የምታህል ነገር፣ ከገመዱ ሥር ተሰክታ።»

ይመር፣ የማዶው ባለሱቅ፣ ሲሰማ ቆይቶ
«ተወው» አለኝ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ሱቁ ጎትቶ፣
«ወሬ አዲስ ቢሆን፣ አፉ ኮልታፋ ከሆነ
መቼ ተሰማ? መቼስ ታመነ?»
ብሎ፣ ሁለት ድፎ ዳቦ የሚያህል ደፋልኝ፤
«ዘጠኝ ሺህ ነው፤ ላንተ ስምንት» አለኝ።

ግራ ገባኝ።

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሳልለካ አልቆርጥም።
ቤቴ ገባሁ፣ ሙጋድ፤ መለኪያዬ አንድ ናት፦
ያጎቴ የሰይድ መንዙማ፣ ሐይቅ ዳር፣
የሠርግ ቪዲዮ አንሺ በሁለት ማይክ የቀዳት።
ድቤው ከቀኝ ነው፤ ጭብጨባው ከግራ።
ድቤው ሆዴ ድረስ ይወርዳል፤
ጭብጨባው ግን ካዝዋ ገደል ማዶ
እርጥብ ጨርቅ ሲራገፍ ይመስላል።
የግራው ሞቷል አልኩ። በቃ፤ የይመር ዳቦ።
ብሬን ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ሳጥኑን ዘጋሁ፣ ተኛሁ።

ሐሙስ ማታ መብራት ጠፋ።
በዳበሳ አንስቼ አገላብጬ ደፋሁት፤
የቀኙን በግራ፣ የግራውን በቀኝ።
ጭብጨባው እጅ ሆነ! መዳፍ፣ ጣት፣ ቀለበት።
ድቤው ግን ራቀ፣ እንደ በሽተኛ የልብ ምት።
ሬሳ ቦታ ይቀይራል?
ደግሜ አዞርኩት። ደግሜ።
ዕቃው ይዞራል፤ ሟቹ ከኔው ጋር ቀረ።

ሲስተር ጦይባ፣ ጤና ጣቢያ፣ ለብ ያለ ውኃ፣
ወፍራም ሲሪንጅ፤ «አትነቃነቅ፣ ደርሰናል።»
ኩክ ወጣ፤ ባቄላ ያህላል፤
መሐሉ ላይ ክር። ሰማያዊ። የሳቲን።
«አይ አንተ ሰውዬ፣ ጆሮህንም ትሰፋለህ?» አለች።
ሰባ ብር ከፈልኩ።
ለካ «ግራ ገባኝ፣ ግራ ገባኝ» ስል
እውነቴን ነበር።

ስወጣ ደሴ በግራዬ ገባች፦
የባጃጅ ጡሩምባ፣ ቆርቆሮ ላይ ካፊያ፣
ከኋላዬ የሚጎተት ሰንደል ጫማ፤
የገዛ ጃኬቴ ሲንኮሻኮሽ ሰምቼ
ማነው ብዬ ቆምኩ።

ማታ ሳቲኑን ተረተርኩ።
መንዙማው መጣ፤ ካጨብጫቢዎቹ መሐል
አንዱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ያጨበጭባል፤
ይሄን ሁሉ ዓመት አላውቀውም ነበር።
ግን ደግሞ የማይኩ ሽውታ፣ የስልኩ መሻከር፣
የገመዱ ጠጥ ጠጥ፣
ሁሉም ተሰማኝ፤
በሁለት ጆሮ ሲሰሙት ጉድለቱም ሁለት ነው።

ሰባት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ብር አለኝ።
ከየቱ ልጀምር?

በማግስቱ በፒያሳ ሳልፍ፣ አንገቴን ደፍቼ፣
«ዳኳን ልጠቅልልህ?» አለ እንድሪስ፣
ከግራ በኩል፣ በለሆሳስ።
ዞርኩ።