የሽንኩርት መኪና

የእኔ ሥራ ቀላል፣ ካርቶን መያዝ ነበር፣
ብር ወረቀት ለብሶ ብርሃን የሚያበድር።
የጣርማበር ጉም ግን ከዋሻው አፍ ወጥቶ፣
ደብረ ሲና ወርዶ፣ አስፋልት ላይ ተኝቶ፣
ቆሎ ሻጮቹን ሸፍኖ ከነዘንቢላቸው፣
«ቆሎ! ቆሎ!» የሚል ድምፅ ብቻ ሲቀራቸው፣
ምን ብርሃን ላበድር? ባዶ እጄን ነው ያለሁ፣
ካርቶኔን ታቅፌ ከዳር ቆሜ ዋልሁ።

«እኚያ ሰውዬ ማናቸው?» አለች ኤልዳና
ካሜራዋን ወደ ማዶ አዙራ።
ጋሽ ይርዳው ናቸው።
ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ይጠብቃሉ፤
ሦስት ሰዓት ያለው ሾፌር ስድስት ሰዓት ሆኖት፣
ስልኩንም ዘግቶ፣
አንገታቸውን አስግገው ቁልቁል ያያሉ።
«እንዳትጠራቸው» አለች። ቀረጸች።
እስከ አሥር ቢቆጥሩ ነው፣ አይበልጥም።
በሆዳቸው፣ ኋላ እንደነገሩኝ፣
የኪሎውን ዋጋ፣ የኪሳራውን ልክ፣ የሾፌሩን እናት
ተራ በተራ ያነሱ ነበር።
ስታስፈቅዳቸውም ሳቁ፤ «ውሰጂው፣ ፊት እንደሁ አያልቅ።»

በሌላ ቀን፣ በሌላ ዳገት፣
አራት ጎረምሶች ሳጥን አሸከምን።
ባዶው ሳጥን ቀልሎ እንዳያሳብቅ
ድንጋይ ጨመርንበት፣
ትከሻቸው እውነቱን እንዲናገር።

ታኅሣሥ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ብርዱ እግር ይበላል።
ሸራው ላይ ሳጥኑ ከጉም ውስጥ ይወጣል፤
ቀጥሎ የጋሽ ይርዳው ፊት፣
ግድግዳ የሚያህል፣
ከዚያ ተመልሶ ሳጥኑ።
ሙዚቃ የለም። ድምፁን ሁሉ ነጥቃን
የገዛ ትንፋሻችንን አሰማችን።
የወፍጮ ቤቷ አፀደ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች፤
ዘበኛው ቆቡን አወለቀ፤
ከኋላ አንድ ሰው «ወይ አባት!» አለ፣ እንደ ለቅሶ ቤት።

እኔ አውቃለሁ፤ የሚያዩት መንገድ ነው፣
አውቃለሁ፤ ውስጡ ያለው ድንጋይ ነው፣
አውቃለሁ፤ ሁለቱ በአንድ ቀን አልዋሉም፣
ፊቱን ቀዳ ከሳጥኑ ጋር የሰፋችው እሷ ናት።
አውቄም አለቀስኩ።

ሦስት ዓመት አለፈው፣ ደብሪቱ ስትቀበር
ጋሽ ይርዳው ከጉድጓዱ አፍ ደርቀው ቆመው ነበር።
«ልቡ ድንጋይ» አልናቸው፣ ቤት ገብተን አማናቸው፣
እኔም ብያለሁ፣ ንፍሯቸውን እየበላሁ ከደጃቸው።
ያኔም ይኸው ፊት ነው፤
ያው ግንባር፣
ያው ጥርስ ሥር የገባ የታች ከንፈር።
ከሩቅ አየነው እንጂ፣ ከጃንጥላ መሀል፣
ማንም ወደ እኛ አላስጠጋው፣
ማንም ፀጥታ አልከፈለለት።

መብራት በራ። ከበቧቸው።
«እግዜር ያጥናዎት»፣ «አይዞዎት»፣ እጅ በእጅ ላይ።
«ኧረ ሽንኩርት ነው!» አሉ፣ «ሽንኩርት እኮ ነው ስጠብቅ የነበረው።»
ሰው ግን እጃቸውን አልለቀቀም፤
እሳቸውም ትንሽ ቆይተው
ማስረዳቱን ተዉት።

ወደ ቤት ስንወርድ፦
«ሳጥኑ ውስጥ ምን ነበር?»
«ድንጋይ።»
ጥቂት ተራመዱ።
«ከበደ?»
«ከበደ።»
«እሷ ቀላል ነበረች» አሉ፣
«በሽታው ጨርሷት። አራት ሰው አላስፈለጋትም።»

ከሮቢት በኩል አንድ አይሱዙ
ዳገቱን እያጓራ መጣ፤
መብራቱ ኩርባውን ታጥፎ ሊደርስብን ሲል
እኔ
ፊቴን ወደ ገደሉ አዞርኩ።