የግማሽ ሰዓት መንገድ

እኔ ጀልባ ነጂ ነኝ፤ ፖለቲካ አልችልም፣
ከሞተር ድምፅ በቀር ሌላ ቋንቋ አላውቅም።
ወንዙን ግን አውቃለሁ፤ የት ላይ እንደሚጠልቅ፣
የት ላይ ግንድ ተኝቶ ቀዘፋ እንደሚያደቅቅ፣
በየትኛው ኩርባ ጠመንጃ እንዳደፈጠ፣
የትኛው መንደር ባንድ ሌሊት ባዶ ሆኖ እንዳፈጠጠ።

ሲግሩን የመጣችው ዝናብ በበዛበት ወር፣
በሰማያዊ ሰደርያ፣ በላስቲክ በታሸገ ደብተር።
ኖርዌይ ነው አገሯ። ቆዳዋን ፀሐይ ልጧት፣
ትንኝ ተጫውቶባት፣ ሾርባችን ሳይስማማት፣
ከጀልባዬ ጫፍ ላይ ነጭ ባንዲራ ሰቀለች።
«ይሄ ጨርቅ ጥይት ይመልሳል?» አልኳት። «አይመልስም» አለች፤
«ተኳሹ ግን ስሙን የሚጽፍ ሰው መኖሩን ያያል።»
ሳቅሁ። በኛ ወንዝ ላይ ከሰው በፊት ስሙ ይሞታል።

የኒካሲያን ልጅ የወሰዱት ማክሰኞ ነው፣ ጎህ ሲቀድ፣
ከሁለት ጓደኞቹ ጋር፣ መረብ ይዘው ሲወርዱ በሙዝ እርሻው መንገድ።
ማን ወሰዳቸው? ዩኒፎርም። የማን ዩኒፎርም? ጭቃ የለበሰ።
ጭቃ ማዕረግ አይለይም፣ ሁሉን እኩል አለበሰ።
ሰፈሩ ግን ይታወቃል፤ ከኩርባው ማዶ ነው፣
በኔ ሞተር ግማሽ ሰዓት፣ ቤንዚን ካልጎደለው።
ኒካሲያ ሄዳ ነበር፣ ዶሮ ተሸክማ፤
ዶሮዋን ተቀብለው መለሷት፣ ቃሏን አንድም ሳይሰማ።

ያን ማታ ሲግሩን ስልኳን ወደ ሰማይ አዞረች፣
«ሦስት ስም» አለች፤ ፊደል በፊደል ቆጠረች፦
ዊልበር። ኤውክሊደስ። ያርሌይ፣ አሥራ ሰባት ዓመቱ፣
በግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ኒካሲያ ናት እናቱ።
ስሞቹ በረሩ፤ ቦጎታ፣ ኤምባሲ ደጅ አደሩ፣
ውቅያኖሱን ተሻገሩ፣ ኦስሎ በረዶ ላይ ተገተሩ።
እዚያ አንድ ሰው፣ እኔ የማላውቀው፣ ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ፣
ለድልድያችን ብድር ሊፈርም ያወጣውን ብዕር መለሰው ወደ ኪስ።
«እነዚያ ሦስቱ ልጆች እንዴት ናቸው?» አለ፤ ይህን ብቻ።
ዲፕሎማሲ የሚሉት እሱን ነው፤ ትሕትና የለበሰ ዛቻ።
ጥያቄው ተመለሰ፤ ሚኒስትር ቤት ገባ፣ ጄኔራል ቀሰቀሰ፣
ኮሎኔል ጮኸ፣ መቶ አለቃ ላበው፣ ከኩርባው ማዶ ደረሰ።

ሠላሳ አንድ ሰዓት።

የማይዋጥልኝ ይኸው ነው፣ ዛሬም ጉሮሮዬ ላይ ያለ፦
የእናት ልቅሶ ግማሽ ሰዓት በወንዝ መሄድ ካልቻለ፣
ባሕር ዞሮ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ የባዕድ ማኅተም ካልታከለ፣
የኛ ሰው ቃል በኛ ሰው ጆሮ ምን ያህል ቢረክስ ነው?
ሲግሩንን ጠየቅኋት። «አላውቅም» አለች። እውነቷን ነው።
እያመሰገንኋት ነው የምናደደው፤
እየተናደድሁ ነው የማመሰግነው።

ሐሙስ፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት፣ ከኩርባው ማዶ ሄድን፤
እሷ ባንዲራዋን፣ እኔ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን።
ለሦስት ልጅ አስቤ፣ ጀልባዋ እንዳትከብድ፣
ማመጣጠኛ ድንጋዬን ጥዬው ነበር ከዳር ስንወርድ።
ዊልበርን ሰጡን፣ በባዶ እግሩ።
ኤውክሊደስን ሰጡን፣ ሁለት ጣቱ አብጦ።
መቶ አለቃው ወረቀቱን በባትሪ አየ፣ ገለበጠ፣ አየ፣
«ሦስተኛው ዝርዝሩ ላይ የለም» አለ።

ጀልባ ነጂ ክብደት ያውቃል። ስንመለስ አፍንጫዋ
ከውኃው ቀና አለ፤ ያንድ ልጅ ያህል።
ኒካሲያ በፋኖስ ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፤
ከዚያ ብርሃኑን ወደኔ አዞረች፣
ለቅጽበት እኔን ቆጠረችኝ።

ሲግሩን በመጋቢት ሄደች፤ ውሏ አለቀ፣ ባንዲራው ተቀደደ።
«ፋይሉ አልተዘጋም» የሚል ደብዳቤ ባመት አንዴ ወረደ።
ኒካሲያ ትጠይቀኛለች፦ «ስሙን እንዴት አድርገው ጻፉት?
ባሕሩን ሲሻገር አንድ ፊደል ወድቆበት ይሆን ያጡት?»
ማክሰኞ ማክሰኞ ኩርባው ጋ ሞተሬን አጠፋለሁ፣
ትነሳለች፤ እንዳትወድቅ ጀልባዋን እይዛለሁ።
ወደ ማዶ ትጠራዋለች፣ ፊደል በፊደል፣
ያለ ስልክ፣ ያለ ኤምባሲ፣ በአጭሩ መንገድ።