ወዝ ያለው እንጨት

ከአሰብ ነው የመጣው፣ በከባድ መኪና ሆድ፣
የጀልባ ጎን ነበር፣ ጨው የጠጣ ግንድ።
ቲክ ይሉታል ስሙን፤ ዛፉን ያየ የለም
ሸዋ በር ሰፈር ላይ፤ እኔም አላየሁም።
መጋዝ ሲገባበት ቆዳ ቆዳ ይሸታል፤
ብናኙን ብትጨብጠው መዳፍህን ይቀባል።

ጋሽ ሙሄ በእጁ ሳጥን ሠራበት።
"ለማን ነው?" አላልኩም፤
የዘምዘም አርባዋ ገና አልወጣም።

እኔ የለመድኩት ዋንዛ ነው፣
የተልባ ዘይት ስታሳየው
እንደ ግንቦት መሬት "ጨምር! ጨምር!" የሚለው።
ጨመርኩ።
አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት፣
ያብለጭልጭ ብዬ እንደ መስታወት።

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱ ላይ ተኛ፤
አለፈ ሳምንቱ፣ ገባ ሁለተኛ፤
ክዳኑ አልደረቀም።
የዝንብ ክንፍ፣ የድመት ፀጉር፣
የገዛ አውራ ጣቴ አሻራ ሳይቀር
ማር ላይ እንዳረፈ ተጣብቆ ነበር።

ጋሽ ሙሄንም ያን ሰሞን እንዲሁ ነበር የምቀባው፤
ጠዋት ስገባ "አላህ ያጽናህ"፣
ለምሳ ስወጣ "ሁሉም ሂያጅ ነው"፣
ማታ ስንዘጋ "እሷስ አረፈች"፤
አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት።
ራሱን ይነቀንቃል፤
ቃሌ ፊቱ ላይ እንደረጠበ ያድራል።

አንድ ቀን ሳጥኑን ዳሰሰ፤ ጣቱን አሸተተ።
"ደባልቄ፣ ይኸ እንጨት የራሱ ዘይት አለው።
የጠገበ ሰው ታጎርሳለህ እንዴ?"
ቲነር የነካ ነጭ ጨርቅ ሰጠኝ።
ጠረግኩ፤ ቢጫ ወጣ። ደግሜ ጠረግኩ፤ ቢጫ።
የኔ አይደለም ይኸኛው፤ የእንጨቱ ወዝ ነው፣
ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ጨው ያላጠበው።
"አሁን ቶሎ በል፣ ከውስጥ ደግሞ ሳይመጣ።"
በጨርቅ ጫፍ ተልባ፣ እንደ ሽቶ ጠብታ።
ቀባሁት።
"ጥረገው።" ጠረግኩት።
"አሁንም ጥረገው።"
"ምን ሊቀር ነው ጋሼ?"
"የሚቀረው ነዋ የሚደርቀው።"

ከዚያ ወዲያ ማጽናናቱን ተውኩ።
ሙጫውን አሞቅለታለሁ፣ መጋዙን እሞርድለታለሁ፤
አልፎ አልፎ ስሟን አነሳለሁ፣
ጠብታ፤ ከዚያ ዝም።

በአራተኛው ቀን ክዳኑ መዳፌን ለቀቀኝ።
ቀሚሶቿን አጣጥፎ አስገባ፣
አረንጓዴውን ብቻ አስቀርቶ።

ማታ ጨርቁን ጨምድጄ ጥግ ልጥል ስል
እጄን ያዘኝ፦ "ዘይት የነካ ጨርቅ
ተጨማዶ ካደረ በራሱ ይነዳል፤
ክብሪት አይፈልግም።"
ሽቦው ላይ ዘረጋነው፣
አንዱን ጫፍ እሱ፣ አንዱን ጫፍ እኔ ይዘን።
ጥቂት ቆመ።
ከዚያ፣ ሳልጠይቀው፣
ስለ ዘምዘም ያወራኝ ጀመር።