እናቲቱ አትሄድም

በጓሯችን መሐል፣ ጫፉን ወደ ላይ አቅንቶ፣
አንድ ብረት ቆሟል፣ እስከ ወገቡ አፈር ገብቶ።
የአያቴ ጦር ነበር፣
ዓሣ ነባሪ የሚወጋበት፣ ገና ዓይኑ ሳይታወር።
አሁን እናቴ ኮኮናት ትልጥበታለች፤
ጨው የበላው ምላሱን በየማለዳው ቃጫ ታጎርሰዋለች።

ቫቫኡ ላይ ነሐሴ ብርድ ነው ብንል፣ እንግዶች ይስቁብናል፤
አንዱ በቁምጣ መጥቶ፣ ጆሮው ከወዲሁ ቀልቷል።
ስምንት ናቸው ዛሬ። ከመሐላቸው ዴስሞንድ የሚባል፣
ከኦክላንድ የመጣ ቧንቧ ሠሪ፣ ከወደቡ ሳንርቅ ያስመልሰዋል።
አባቴ ታቫኬ መሪውን በጉልበቱ ወጥሮ፣
የዘወትር ቃሉን ይናገራል፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ፦
«አራት አራት ሆናችሁ ነው የምትገቡት፤ አትንጫጩ፣
ውሃውን በእግራችሁ አትደብድቡ፣ እንደ ሕፃን አትራጩ።
ግልገሉ ሊያያችሁ ከመጣ፣ ባላችሁበት ቁሙ፤
እናቲቱ አትሄድም፤ ልጇ ካለ አለች፤ እናንተ ብቻ አትቅደሙ።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነው።
ፀሐይ አናታችን ላይ መጥታ ተቀመጠች።
ሙዙ አለቀ። ብስኩቱ ረጠበ።
በሽቦ የታሰረ ማድመጫ ወደ ጥልቁ ጣልን፤
ከሩቅ አንድ ወንድ ይዘፍናል፣
አንዴ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ፣
አንዴ ጥጃዋን እንደምትጣራ ላም።
ዴስሞንድ ከባልዲው ቀና ብሎ
«ይኸው ነው እንዴ?» አለ።

ከቀትር በኋላ ነው፣ ሁንጋ ደሴት ጥላ ሥር፣
ባሕሩ ተንፍሶ፣ ካፊያው ፊታችን ላይ ሲሰበር፤
አንድ ትልቅ ትንፋሽ፣ ከጎኑ አንድ ጢኒጥ፤
ሽታው የከረመ ዓሣ፤ ፊቱን ያዞረ ግን የለም፣ ሁሉም ፍጥጥ።
አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ጣቱን አነሣ። አራቱን ይዤ ገባሁ፤
ከላይ ሙቅ ነው፤ ከእግሬ በታች ግን ሰማያዊ ባዶ አየሁ።

ከዚያ ባዶው አካል አወጣ።
መጀመሪያ ነጭ ክንፍ፣ የጀልባችንን ግማሽ የሚያህል፤
ቀጥሎ አገጭ፣ ሽንሽን ቀሚስ የሚመስል፤
ቀጥሎ ዓይን።
ብርቱካን የሚያህል፣ ቆዳው ዙሪያውን የተሸበሸበ፣
መቸኮል የማያውቅ፣ አንድ ባንድ እኛን ያነበበ።
ግልገሉ ከአገጯ ሥር ሹልክ ብሎ መጣ፤
ተገለበጠ፣ ሆዱን አሳየን፣
ከዴስሞንድ አንድ ክንድ ሲቀረው ዞሮ፣ አየር ሊስብ ወጣ።
(ዴስሞንድን ውሃ ውስጥ ማጥወልወሉ ትቶታል።)

እናቲቱ አልሄደችም።
ያ ሁሉ አካል ከሥራችን ተንጠልጥሎ፣
እንዳይነካን ክንፉን ወደ ጎኑ ሰብስቦ አዝሎ።

አባቴ የጠዋት ቃሉን ከመጽሐፍ አልቀዳም፤
ከአባቱ ነው የሰማው፣ ጦር ሲሳል፣ ከጀልባ ቤቱ ግድም፦
«ቀድመህ ግልገሉን ውጋ፤ በቀስታ፣ እንዳይሞት፤
እናቲቱ አትሄድም፤ ልጇ ካለ አለች፤ ከዚያ ቀርበህ ውጋት።»
ያው ቃል ነው። አንዲት ፊደል አልተለወጠም።
ከመተንፈሻ ቱቦው ጋር ነክሼ ያዝሁት፤
መዋጥም መትፋትም አልቻልሁም።

አመሻሽ ላይ እንግዶቹ ጓሯችን ውስጥ ኮኮናት ጠጡ።
ዴስሞንድ ብረቱን ዳሰሰና «ጎበዝ መሣሪያ» አለ።
ለምን እንደ ተሠራ አልጠየቀም፤ እኔም አልነገርሁትም።

አያቴ ከደጃፉ፣ ሰሌኑ ላይ ትራስ ተንተርሶ፣
«ስንት ክንድ ነበረች?» አለኝ።
ነገርሁት። እጆቹን ዘረጋ፤ ቢያጥሩት አጠፋቸው መልሶ።
«ግልገል ነበራት?»
«ነበራት።»
«ሄደች?»
«አልሄደችም።»
ራሱን ነቀነቀ፣ እንዳልተሳሳተ ሰው፣ ወይ ዕዳ እንደሚቆጥር።

ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«የትንሹስ ትንፋሽ፣» አለ፣ «እንዴት ነበር?»
ጎንበስ ብዬ ፊቱ ላይ
ፉፍ አልሁበት፣ አጭር፣ እርጥብ፣ ልክ እንደ ሰማሁት።
ፊቱን አላዞረም።