ከቀለሙ ሥር

መርከቧ ስትገባ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣
ወደብ ላይ ነበርኩኝ፣ ብርዱ እየገረፈኝ።
ሦስት ቀን በባሕር ላይ፣ መብራቷን አጥፍታ፣
የት እንደነበረች፣ ለራዳሩ ዋሽታ፣
ሀይፋ ደረሰች፣ በጀልባ ተጎትታ።
ስሟ አዲስ፣ «ንጋት» ነው፣ ነጭ ተቀብታ፤
ከሥሩ ግን ያበጠ፣ እንደ አለንጋ ሰንበር፣
ባትሪዬን ሳበራ፣ ፊደል ይታይ ነበር።
ሰምና ወርቅ ይኼ ነው፤ ሰሙ ነጭ ቀለም፣
ወርቁ የፊት ስሟ፣ ቢቀቡት የማይከስም።

ወረቀቷ ንጹሕ፣ ማኅተሙ ሦስት ነው፤
ባንኳ ደሴት ላይ ነው፣ መድኗን ማን ያውቀው፤
ወኪሏ አርካዲ፣ በጥርሱ ይስቃል፦
«ስንዴ ፓስፖርት ይዞ፣ ማን አይቶ ያውቃል?»

በመስከረም ወር ላይ፣ ሀዳር ካለው ክበብ፣
የትልቁ አገር ሰው፣ ገብቶ በሰው አጀብ፣
ለድሮ ዘማቾች፣ ሜዳልያ ከጥብጣብ፣
ሁለት ሁለት ኪሎ ዱቄት፣ ለድሮው ረሀብ።
«ጦርነት» አላለም፣ «ሁኔታው» ነው ያለው፤
ለልጆች ፒያኖ፣ የክረምት ትምህርት አለው፤
«ማዕቀብ ጭስ ነው» አለ፣ «ነፋስ ይወስደዋል፤
ቋንቋ ግን ሥር ነው፣ ድንጋይ ይሰነጥቃል።»

ሮዛ፣ ጎረቤቴ፣ ዘጠና ሊሆናት፣
«ጡረታዬስ?» አለች፣ ሁለት ዓመት ቀርቶባት።
«ባንኩን ዘጉት፣ እማማ፤ ማዕቀብ ነው» አላት፣
አዘነ፤ አንድ ኪሎ ዱቄት ጨመረላት።
የአሮጊት ሳንቲም፣ የማያሳልፍ በር፣
ለሠላሳ ሺህ ቶን፣ ወለል ብሎ ነበር።

እኔ ከረጢቷን ይዤ፣ በሩ ጋ ቆሜ፣
ለአንድ ሹም ሲያንሾካሹክ፣ ሰማሁት አጠገቤ፦
«የሰሜኑ ሰማይ፣ ቁልፉ እኛ ጋር አለ፤
ዝም ላለ ወዳጅ፣ መቼ ተከለከለ?»

ላቦራቶሪው ውስጥ ጋሊና ነበረች ተረኛ።
እርጥበት ለካች፤ ነቀዝ ፈለገች፤ ቁጥሩን ጻፈች ለኛ።
ከዚያ ጓንቷን አወለቀች፣
እጇን እስከ አንጓዋ ስንዴው ውስጥ ነከረች፣
ቆየች።
«ባየህ፣ ይኼ የኛ ነው» አለች። «በምን አወቅሽ?» አልኳት።
«አላወቅሁም» አለች፤ ሳግ ነበር ያነቃት።
«ፍሬ አፍ የለውም። ግን ወንድሜ ፔትሮ፣
ጎተራ አልከፍትም ብሎ፣ ቁልፉን በመሐረብ ቋጥሮ፣
ከወታደሮች ጋር ሄደ፤ ሐምሌ ነበር ወሩ።
ይኸው ጎተራው ተከፍቷል። የሱ ግን የለም ወሬው፣ ወይ መቃብሩ።»

ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ። «ፈርም፤ ምን ትጠብቃለህ?
በዚህ ጦርነት ማን ይመጣል? መርከብ ትመርጣለህ?»
እውነቱን ነው፤ ያን ሰሞን ሳይረን ሲጮህ ያድራል፤
ሱፐርማርኬት ውስጥ ሰው ዱቄት ይሻማል።
ደግሞም ልጄ ኤልያብ ሰሜን ነው፣ ከጠረፉ፣
ከዚያ ሰማይ ሥር፣ ሌላ ሰው ኪስ ካለ ቁልፉ።

ፈረምኩ።
ያስገደደኝ የለም። እስክሪብቶውም የራሴ ነው።
«አስተያየት» ከሚለው ባዶ መስመር ላይ ግን፣
በዕብራይስጥ፣ ፊደሉን አሳምሬ፣
«የፊት ስሟ ከቀለሙ ሥር ይነበባል» አልኩ።
ያነበበው የለም።

ደንብ ነው፦ ከየመርከቡ አንድ ጠርሙስ ናሙና ይቀመጣል፣
ስድስት ወር ሲሞላው ይጣላል።
ጋሊና ከጠርሙሱ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«ንጋት» አላለችም፤ የጻፈችው የመንደሯን ስም።

ስድስት ወሩ አለፈ፤ ፈረቃው ተቀየረ፤
«ንጋት»ም ሌላ ስም ይዛ ሁለቴ ተመልሳ ነበረ።
ሮዛ ዱቄቷን አልከፈተችም፤ ከአልጋዋ ሥር ነው።
ጠርሙሱም እዚያው ነው፣ ከመደርደሪያው ጥግ።
ነቀዝ ሳይገባበት አልቀረም።
መጣል የኔ ሥራ ነበር።
አቧራውን ብቻ እጠርግለታለሁ።