ጥላ

ከሴኡል ላከችልኝ ልጄ ናሬ፣ ለስልሳ አምስተኛ ዓመቴ፣
ሰማያዊ ስስ ሣጥን፤ ፖስተኛው አመጣው ከቤቴ።
ጀርባው ላይ ተጽፏል፦ «በከፍተኛ ጥራት የታደሰ፣
ከድሮው ፊልም ጨለማ ውስጥ ብዙ ነገር የተመለሰ።»
ሳቅሁ። ከጨለማ ማን ይመለሳል?
መነጽሬን ግን ወለወልኩ፤ ሰው ስንት ነገር ያመልጠዋል።

ፊልሙን አውቀዋለሁ፤ እዚሁ ቡሳን፣ ዮንግዶ፣ ከወደቡ ዳር፣
ሰው በሠራው ዝናብ፣ ሰማይ በላከው ብርድ፣ ሦስት ሌሊት ተቀርጾ ነበር።
ብየዳዬን ጥዬ ገባሁ፣ ሬሳ ሆኜ ልሠራ፤
ሃምሳ ሺህ ዎን ለአንድ ሌሊት፣ ከነባዶ እግሬ፣ ከነሸራ።
«ለሙት ደህና ደመወዝ ነው» አልኩ፣ ከበያጆቹ ጋር ስቄ፤
ለሚስቴ ለኩምሬ ግን «የሌሊት ተረኛ ነኝ» ብዬ ሄድኩ፣ እውነቱን ደብቄ።

በጸደዩ ጥላኝ ሄደች። ደብዳቤ የለ፣ ጠብ የለ፤
ልጄ በአንድ እጇ፣ ሻንጣ በአንድ እጇ፤ በሩ እንኳ ሲጥ አላለ።
ሃያ ሁለት ዓመት መረመርኩ፤ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ባጅ፤
ዓሣ ሻጩን ጠረጠርኩ፣ የጥርስ ሐኪሙን፣ የጎረቤቷን ልጅ፤
ሶጁ በቀመስኩ ቁጥር በመዝገቤ አንድ ስም ይገባል፤
የተበደለ ሰው መዝገብ ደግሞ መቼ ይሞላል።

ፊልሙማ ጠመዝማዛ ነው። ባሏ የሞተባት ገዳይ ትመስላለች፤
ሰዓት ሳይሞላ ግን የሟች እኅት ሆና ትገኛለች።
መርማሪው ይወዳታል። (መርማሪ መች ይማራል?)
የመድኑን ገንዘብ ይዞ ሟቹ ራሱ በጀልባ ይሻገራል።
ታዲያ ከሸራው ሥር ያለው ማነው? እኔ ነኛ!
ያልሞተ ሰው ሬሳ ሆኜ፣ የውሸት ውሸት የምተኛ።

ድሮ በካሴት ሳየው ከመብራቱ ክብ ወዲያ ያለው ጥቀርሻ ነበር።
ትናንት ማታ ምስሉ ጠራ፤
ጠራና እኔን በስሜ ጠራ።

የዝናቡ ጠብታ ይቆጠራል። የሸራው ስፌት። የገመዱ ክር።
ከኋላ፣ ከማረፊያ ቤቱ ደረጃ፣ ከአምፖሉ ሥር፣
ቢጫ ነገር።
አቆምኩት። ቢጫ ጨርቅ ነው፤ እራት ተቋጥሮበታል፤
ሁለቱ ጫፍ እንደ ጥንቸል ጆሮ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል።
እንዲያ የምታስር አንዲት ሴት ነች።
ኩምሬ። ጓንት የላትም፣ እጇን በትንፋሿ ታሞቃለች።
ወደ ሸራው አይደለም፤ ወደ ግራ፣ ከምስሉ ውጪ ታያለች።

ማንን? አልኩ። ደሜ ፈላ። ደረስኩበት ያን ሌባ!
ዓይኔ ግን ሳላዘው ከሸራው ጫፍ፣ ከሬሳው እግር ላይ ገባ።
የኔ ግራ እግር ጠባሳ አለው፣ የብየዳ እሳት የላሰው።
ይሄኛው ልስልስ ነው። ጄሶ ነው።
እኔ እዚያ የለሁም።

የዲስኩ መጨረሻ። ያልታዩ ትዕይንቶች፣ ቁጥር አራት።
ካሜራው ጣሪያ ላይ ነው። ከጄኔሬተሩ መኪና ጀርባ አንዲት ጃንጥላ፣
ሥሯ ሁለት ሰው።
አንዷ ሜካፕ የምትቀባን፣ ስሟ እንኳ የጠፋኝ ሴት፤
ሌላው ባዶ እግሩን፣ ፊቱ በሬሳ ዱቄት ነጥቶ፣
ጆሮዋ ሥር የሚስቅ፣ ብርዱንም ሚስቱንም ረስቶ።

በማግሥቱ ጠዋት ያ ቋጠሮ ከደጃፋችን ነበር፤
ሩዙ ደርቆ፣ ዓሣው ቀዝቅዞ። ሳልጠይቅ፣ ሳልመረምር
በላሁት።

«ጥላ ሄደች» ስል ኖርኩ፤
ለካስ ጥላ አይታ ነው የሄደችው።

ሣጥኑን አነሳሁት። ማሸጊያው ላስቲክ፣ አሁን ነው ልብ ያልኩት፣
እኔ ጋ ሳይደርስ ተከፍቷል፤ በምላጭ፣ በቀስታ፣ ከዳር።

ስልኩ ይጠራል። ቁጥሩ የሴኡል ነው።
ከፊቴ ምስሉ እንደ ቆመ ነው፤
ይጠራል፣ አሁንም ይጠራል።